ሶኬት ነቅዬ የመረጥኩት ኮምፒውተር

የድሮው ኮምፒውተራችን የልጄን የመመረቂያ ጽሑፍ እኩሌታ እንደያዘ ሞተ። የተረፈው አማካሪዋ ጋ በወረቀት የነበረው ሌላው እኩሌታ ብቻ ነው። ማስረከቢያው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ካለፋት አንድ ዓመት ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ ዓመት የምጠብቅበት ጉልበት የለኝም። ቅዳሜ ከምሠራበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል እንደወጣሁ፣ እግሬ እንዳበጠ፣ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የሚሸጥ ጠጋኝ ዘንድ ይዣት ሄድኩ።

ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሁለት አቀረበልን። አንዱ ዴስክቶፕ ነው፤ ስክሪኑ ከኋላ ሆዱ የተነፋ፣ ከልጄ ብዙም የማያንስ ሽማግሌ። ሌላው ክዳኑ የተጫጫረ ላፕቶፕ ነው።

«ዴስክቶፑ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ቢበላሽ መለዋወጫው ሞልቷል። ላፕቶፑ ይፈጥናል፤ ባትሪው ግን ደክሟል» አለ።

«እንደኔው ነዋ» አልኩ። «ስንቴ ተበላሽቶ ያውቃል? ይግላል? ማን ነው የሸጠልዎት? ለምን ሸጠው?»

«እናቴ፣ ኮምፒውተር ነው የሚገዙት ወይስ አማች እያጣሩ ነው?»

ልጄ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

«መብራት ቢጠፋስ?» አልኩና ልጄ ሁለቱም ላይ ስሟን እንድትጽፍ አደረግኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ የሁለቱንም ሶኬት ከግድግዳው ነቀልኩ።

«ኧረ እባክዎ! ያበላሹብኛል!»

«እኛ ቤት መብራት ሲሄድ ተሰናብቶ አይሄድም» አልኩት።

ዴስክቶፑ ወዲያው ጨለመ። ላፕቶፑ ስድስት ደቂቃ ተንገታግቶ ጠፋ። መልሰን ስናበራቸው ዴስክቶፑ ላይ የጻፈችው የለም። ላፕቶፑ ላይ አለ፤ በስድስቱ ደቂቃ ውስጥ አስቀምጣው ኖሯል።

«ለዴስክቶፑ መብራት ሲሄድ የሚይዝ ዩፒኤስ እጨምርላችኋለሁ» አለ ጠጋኙ።

ልቤ ወደ ዴስክቶፑ አዘነበለ። ያንን ግዙፍ ነገር ማን ነጥቆ ይሮጣል? ታክሲ ውስጥ አይረሳ፣ ደረጃ ላይ አይወድቅ። ልጄም ከዓይኔ አትርቅ።

«እሱን እንውሰዳ» አልኩ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ የጠፋውን ለመጻፍ ስንት ወር ፈጀብኝ?»

«ስምንት። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ነበራ።»

«ኮምፒውተሩ አይደለም። በየአሥር ደቂቃው እየመጣሽ ‹አስቀመጥሽ?› ስትዪኝ የምጽፈው ይጠፋብኛል።»

«ለጥንቃቄ ብዬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ እማዬ። ግን ቤት ከሆንኩ አልጨርስም። ላፕቶፑን ይዤ ቤተ መጻሕፍት ልሂድ።»

ጠጋኙ የሰው ጠብ እንዳልሰማ ሰው አቀርቅሮ ብሎን መልቀም ጀመረ። ሰው ፊት እንዲህ መባሌ አናደደኝ። ንዴቴን ይዤ ለካ እቆጥር ነበር፤ ሦስት ሳምንት በየአሥር ደቂቃው ስንት ጊዜ ብቅ እንደምል። ማለቂያ አልነበረውም። ራሴን አውቀዋለሁ፤ እተዋለሁ ብዬ ብምልም አልተውም።

«ትንሹን ይስጡን» አልኩና ጥርሱን እንዳስነቀለ ሰው አፌን ይዤ ወጣሁ።

ሦስቱን ሳምንት ጠዋት ይዛው ትወጣለች፤ እኔ ካርድ ክፍል ተቀምጬ ሌባውን፣ ዝናቡን፣ የሚደፋበትን ውሃ በሐሳቤ በየተራ አያለሁ። እንዳልደውል ስልኬን ለባልደረባዬ እሰጣታለሁ። አንድ ቀን ብቻ ለምኜ ተቀበልኳት፤ ደወልኩ፤ አላነሳችም። የአንዱን ካርድ በሌላው ማኅደር ስከት ዋልኩ። ለካ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስልክ አይነሳም።

በማስረከቢያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣችና ከነጫማዋ አልጋ ላይ ተዘረረች።

«ተቀበሉሽ?»

«ፈርመው ተቀበሉኝ» አለችና እንቅልፍ ወሰዳት።

ጫማዋን ፈታሁላት። አንብበው ውጤት እስኪሰጡ አንድ ወር ይፈጃል አሉ። በአንድ ወር ውስጥ የማይደርስ ነገር የለም። የራሴን ጫማ ማውለቅ ግን አቃተኝና አጠገቧ ጋደም አልኩ።