መርፌ ገባ፣ መርፌ ወጣ

ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚረግፈው ጥርሱ አይደለም፤ ተሰሚነቱ ነው። ይህን የምለው ልጆቼ «አብዳለች» ብለው የገዛ ቤቴን ቁልፍ ስለወሰዱብኝ ነው። ሁለቱንም እኔው ወልጄ፣ እኔው አሳድጌ፣ በመርፌዬ አስተምሬ፣ ዛሬ ፊታቸው ተቀምጬ «እሷ» እያሉ ስለ እኔ ይመካከራሉ። እሷ ትሰማለች እኮ። ጆሮዋ ደህና ነው።

ወንጀሌ ብቻዬን ማውራቴ ነው። አዎ፣ አወራለሁ። ምን እንደማወራና ለምን እንደማወራ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ስለዚህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

እኔ ፍራሽ ሰፊ ነኝ። የቤቴ የፊት ክፍል በሩ ወደ መንገድ ነው፤ ጥጥ የማባዝተውም፣ ፍራሽ የምሞላውም፣ የምሰፋውም እዚያው ነው። ሙያውን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይበልጥ የሚወጋ ሴት። አንድ ሕግ ነበራት። የፍራሽ መርፌ ከጣት ይረዝማል፤ ጥጥ ውስጥ ከቀረ ግን አለሁ ብሎ አይጮህም። ሐሳብሽ ሌላ ቦታ ሄዶ መርፌውን ውስጥ ትተሽ ከዘጋሽው፣ የማታውቂው ሰው ጎን ውስጥ ታገኚዋለሽ ትለኝ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ስፌት በአፋችን እንጠራለን፦ መርፌ ገባ፣ መርፌ ወጣ። ዝም ካልኩ በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች። አፍሽ የት እንዳለ ካወቅሁ ልብሽም የት እንዳለ አውቃለሁ ትል ነበር።

አክስቴ ነገሩን ለመርፌ ብቻ ነው ያወጣችው። ከመርፌ አሻግሬ ለነፍሴ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ይሄን ማንም አይወስድብኝም።

ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ጸሎት እምቢ አለኝ። ከንፈሬ ይጸልያል፤ ልቤ ወይ ወደ ቀብሩ ቀን ይመለሳል፣ ወይ የነገን ጥጥ ይገዛል። አሜን ስል ምን ብዬ አሜን እንዳልኩ አላውቅም። እግዜር ጥሎኛል ብዬ አኮረፍኩ። እኔ ሳኮርፍ ደግሞ አልቻልም። አንድ ማለዳ ለጸሎት ቆሜ፣ ልቤ እንደልማዱ ሊኮበልል ሲል፣ የአክስቴ ክርን ጎኔን ጎሸም ያደረገው ያህል ተሰማኝ። ሳላስበው «እግሬ ወለሉን ነካ» አልኩ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር። ትንፋሽ ገባ፣ ትንፋሽ ወጣ። መጋረጃው ይወዛወዛል። ጎረቤቴ ባልዲ ታስቀምጣለች። ሌላ ምንም አልሆነም፤ መብረቅ አልወረደም፣ ድምፅም አልሰማሁም። ግን እዚያ ነበርኩ። የገባኝ ያኔ ነው፦ እግዜር ቤቴ መምጣቱን አቋርጦ አያውቅም፤ ሲመጣ ቤት የማልገኘው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም መጥራት ጀመርኩ። ኩባያ ሳጥብ «ኩባያ አጠብኩ»፣ በር ስዘጋ «በር ዘጋሁ» እላለሁ። ሐዘን ሲመጣ «ሐዘን መጣ» እለዋለሁ፤ ተቀምጦ ተቀምጦ ይሄዳል። ንዴትም ሲመጣ ስሙን እጠራለሁ። ጠባይዋ ተሻሻለ ያለኝ ጎረቤት እስካሁን የለም፤ ምላሴ ስለት አለው፣ አይካድም። ድሮ ግን ላገኘሁት ሰው ሁሉ እመዘው ነበር፤ ዛሬ ለሚገባው ብቻ ነው። ይሄ ትንሽ ለውጥ የመሰለው ሰው ይሞክረውና ይየው።

እንግዲህ ባንክ ቤት የምትሠራው ልጄ ድንገት መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ትራስ አነሳሁ፣ ትራስ አስቀመጥኩ፣ ጉልበቴን አመመኝ» ስል ሰማችኝ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ብትፈልግ የለም። አልገባችም። እዚያው ደጃፍ ላይ ሆና ለታላቅ ወንድሟ፣ ለሾፌሩ ልጄ፣ ደወለች። እሱም የጫነውን ሳያራግፍ መኪናውን መንገድ ዳር ጥሎ መጣ። እናቱ የሞተችበት ነው የሚመስለው። እኔ ትራሴን እየሞላሁ ነበር።

ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው፤ እማማ ብሎ፣ እርስዎ ብሎ ነው ያነጋገረኝ። ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀን ስንት እንደሆነ በኮረዳነቴም አላውቅም ነበር አልኩት፤ ደንበኛ ፍራሹን ለመቼ እንደሚፈልገው እንጂ ቁጥሩን ይዤ አላውቅም። እስክሪብቶ ሰጥቶኝ ሰዓት እንድሥል ለመነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴት ሰዓት ሣይ ስትባል ምን ትሥላለች? ክቡ ራሱ ድንች ሆነ። ሐኪሙ በደንብ አየውና፣ ላልተማረ ሰው ይህ መለኪያ አይሆንም፣ በዚህ ምንም ማለት አልችልም አላቸው። ልጆቼ ግን ድንቹን አይተውታል።

በዚያው ዕለት ቤቴ ተቆለፈ። ቁልፉ የልጄ ቦርሳ ውስጥ ገባ፤ እኔም እሷ ቤት ገባሁ። ሾፌሩ የፊት ክፍሉን ስልክ ለሚጠግን ሰው ሊያከራየው ተነጋግሯል፤ ሰውየው ቅዳሜ ዕቃውን ያስገባል። ጥጤን የት ሊያደርገው እንደሆነ ስጠይቀው ለጉልበትሽ ብለን ነው አለኝ። ልጄ ብቻ አንድ ቀዳዳ ተወችልኝ፦ «እማዬ፣ ይሄን ማውራት ብትተዪው እናስብበታለን።»

ተውኩት።

መጀመሪያ ምርኩዙን እንደተነጠቀ ሰው ሆንኩ። አፌ ሊጠራ ይነሳል፤ እመልሰዋለሁ። ልቤ ወዲያው ይኮበልላል፤ ወደ ክፍሌ ይሄዳል፣ ከስልክ ጠጋኙ ጋር ይጣላል። እሄዳለሁ እመለሳለሁ፣ እሄዳለሁ እመለሳለሁ። በኋላ የልጄን ኩባያ ሳጥብ ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ ኩባያው እጄ ላይ ሞቀ። ቃል የለም። እኔ ግን አለሁ። ቃሉ ለካ ምርኩዝ ነበር፤ እግሩ የራሴ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ የቆምኩትን ያህል በአንድም ጸሎት ላይ ቆሜ አላውቅም። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም፤ አስተማርኳት ብላ እንድትኮራብኝ አልፈልግም።

እነሱ ዝምታዬን ሲያዩ ደግሞ የባሰ ደነገጡ። አርብ ሾፌሩ ተጠርቶ መጣ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አፌን አፌን ያያል። ፍርሃቱን በቀልድ ሊሸፍን ብሎ እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው ይላሉ አለ። እኔም «ስናገር አበደች፣ ዝም ስል አለቀላት። አንዱን ምረጡና ልረፍ» አልኩት። ሳቁ አመለጠው። ሳቅ ሲያመልጠው አባቱን ነው የሚመስለው። ቢሆንም ስልክ ጠጋኙ ነገ ጠዋት እንደሚመጣ ለእህቱ አስታውሷት ሄደ።

ልጄ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ቆልፋ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ታወራለች። ጨርሳ ስልኩን ስታስቀምጥ፣ አጥባ ያደረቀችውን ሳህን መልሳ ያልታጠቡት ላይ አድርጋዋለች። አየችው። ቆማ አየችው።

«እማዬ፣ ዝም ስትዪ የት ነው የምትሄጂው?»

«የትም። እዚሁ ነኝ። ነገሩ እሱው ነው።»

ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ሳህኑን መልሳ አጠበችው።

«እኔ እኮ ከሥራ ስመጣ በየት በኩል እንደመጣሁ አላውቅም» አለች። «ደረጃውን መውጣቴን አላስታውስም፤ ከገባሁ በኋላ ነው የማውቀው። ስበላ፣ ስጸልይ… ሁሉም እንደዚያ ነው። አባዬ ከሞተ ጀምሮ።»

ምላሴ ተነሳ። ታዲያ ሐኪም ቤት መሄድ የነበረበት ማን ነው ሊል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጥሩ አባባል ነበር፣ ያሳዝናል። አልመዘዝኩትም። ሐዘን መጣ፣ የእሷም የእኔም። ሁለታችንም እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ቆመን እንደ እንግዳ አስቀመጥነው። የምታለቅሰውን ያህል አለቀሰች።

ከዚያ እንዲህ አልኳት፦

«እጅሽን አድርቂ። ቦርሳሽን አምጪና ቁልፌን እጄ ላይ አድርጊ። ለወንድምሽም ደውዪ፤ ሰውየው ሌላ ክፍል ይፈልግ። ነገ የዕረፍት ተራሽ ነው፤ ጠዋት አብረሽኝ ትመጫለሽ፤ ያን ስልክሽን እዚሁ ትተሽ። ያልተዘጋ ፍራሽ አለብኝ። አንቺ የጨርቁን ጫፍ ትይዣለሽ፣ እኔ እሰፋለሁ። እኔ ቃሉን ትቼዋለሁ፤ አንቺ ግን ገና ጀማሪ ነሽ፣ ምርኩዝ ያስፈልግሻል። መርፌው ሲገባ ገባ በዪ፣ ሲወጣ ወጣ በዪ። ጮክ ብለሽ። ጎረቤት ይስማሽ።»