ከጋሼ ኩጂራይ እና ከዳንጎ

ኮቶኖ አንድ ነገር ከወደደች ጭንቅላቷ ሥራ ያቆማል። ይሄን እሷም ታውቃለች፣ አባቷም ያውቃል፣ የሺዮታኒ ወደብ ድመቶችም ሳያውቁ አይቀሩም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአባቷ አበባ ሱቅ ቆማ አበባ ታጠጣለች ይባላል፤ የምታጠጣው ግን የገዛ ጫማዋን ነው። ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው፣ ስልኳ ላይ ደግሞ ሂሙሮ አለች።

ሂሙሮ ማለት በቃ ሂሙሮ ናት። በሁለት አሮጌ ሚኒባስ የጃፓኗን ኪዩሹ ደሴት እየዞረ ሬስሊንግ የሚያሳይ «ታማካዜ» የሚባል የሴቶች ቡድን አለ፣ የእሱ እናት በሏት። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ አልቋል፣ ግን አሁንም የመታገያው ሪንግ የላይኛው ገመድ ላይ ወጥታ ራሷን ትወረውራለች። ስትወድቅ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ ወይኔ። ኮቶኖ ያንን ድምፅ ለመግለጽ አንድ ሙሉ ድርሰት ጽፋ አስተማሪዋ «ርዕሱ የክረምት ዕረፍቴ ነበር» ብሎ መልሶላታል።

እና ይቺ ሂሙሮ እሁድ ልትሰናበት ነው። እዚሁ፣ የተወለደችበት ከተማ፣ የከተማው ጂምናዚየም ውስጥ። ለተሰናባች የሚደረግ ነገር አለ፦ የመጨረሻው ግጥሚያ ሲያልቅ ብቻዋን መሃል ሪንግ ትቆማለች፣ ሕዝቡ ጸጥ ይላል፣ ደወሉ አሥር ጊዜ ይመታል። ከዚያ ስሟ ሲጠራ ሁሉም ባለ ቀለም የወረቀት ጥቅል ይወረውርላታል፣ ጥቅሉ አየር ላይ እየተተረተረ ይወርድባታል። ያ ደወል ያልተመታላት ሴት እንደተሰናበተች አይቆጠርም፤ ቻው ሳትል ዕድሜ ልኳን በር ላይ እንደቆመች ሰው ናት።

ኮቶኖ ጥቅል በጥቅል ሆናለች፣ ቦርሳዋ አይዘጋም። ከመወርወር በፊት መሃላቸው ያለው ጠንካራ ካርቶን መውጣት አለበት፣ ሰው እንዳይፈነክት። ማውጣቱን ጀምራም ነበር፤ ከዚያ የሂሙሮ ቪዲዮ መጣና ተረሳ።

ሐሙስ ዕለት አባቷ አበባ ሊያደርስ ወጥቶ ሳለ አንድ ሽማግሌ ወደ ሱቁ ገባ። ሮዝ ሹራብ የለበሰች ድንቡሽቡሽ ያለች ውሻ ይዟል። ለሂሙሮ ስንብት ትልቅ ባለ እግር አበባ እንደሚፈልግ፣ ቢጫና ብርቱካናማ እንዲሆን ተናገረ። ኮቶኖ ሂሙሮ የሚለውን ስትሰማ ቀሪውን ሁሉ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው። አበባው ላይ በሚሰካው ሰሌዳ የማን ስም ልጻፍ ስትለው፣ አይጻፍበት አላት። እንዴ፣ ሁሉም ላኪ እኮ ስሙን ያስጽፋል፣ ያለ ስም የሚቆም አበባ ወላጅ እንደጠፋው ልጅ ነው የሚመስለው ብላ ተከራከረችው። ሽማግሌው «አይጻፍበት አልኩሽ እኮ ልጄ» ብሎ ወጣ። ትንሿ ጣቱ ጫፏ ተቆርጦ ያጠረች መሆኗን አይታለች። አናጢ ነው ብላ አለፈችው።

እዚህ ላይ ነው ጭንቅላቷ ሥራ ያቆመው። ውሻዋን ስትደባብስ አንገቷ ላይ ያለውን መታወቂያ አይታ ነበር። በአንድ በኩል «ዳንጎ» ይላል፣ በሌላው በኩል ደግሞ ብትጠፋ ለማን እንደምትመለስ፦ ኩጂራይ ሾዞ። ስም አለው። ስም ያለው ሰው ስሙን የሚደብቀው ለምንድነው? ኮቶኖ መልሱን ለማግኘት አንድ ደቂቃም አልፈጀባትም። ፍቅር ነዋ። ይሄ ምስኪን ሽማግሌ ሂሙሮን ለዓመታት ከሩቅ ወድዶ፣ ዓይን አፋር ሆኖ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይነግራት ልትሰናበት። ኮቶኖ በቆመችበት አለቀሰች። ጫማዋ እንደገና ረጠበ፣ በዚህኛው ግን ውሃ ማጠጫው የለበትም።

ስለዚህ ቅዳሜ አባቷ ሳያያት ትልቁን ብሩሽ አንስታ በሰሌዳው ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ለሂሙሮ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጎንሽ ካልተለዩት፣ ከጋሼ ኩጂራይ እና ከዳንጎ»። ከሥሩ የውሻ መዳፍ፣ ከመዳፉ ሥር ልብ።

እሁድ ጠዋት የጂምናዚየሙ መግቢያ ላይ አበባዎቹ ተደረደሩ። የዓሣ ገበያው ልኳል፣ የኑድል ቤቱ ልኳል፣ የሂሙሮ የድሮ ክፍል ጓደኞች ልከዋል። ኮቶኖ የኩጂራይን መሃል አስገባችው፣ የዓሣ ገበያውን በክርኗ ገፋ አድርጋ። ከዚያ አጠገቡ ቆማ ሁለት ጣቷን ቀስራ ፎቶ ተነሳች፣ «ለዓመታት የተደበቀ ፍቅር» ብላ ለቀቀችው። ወዲያው አንድ ሰው ይሄ ኩጂራይ ያ ኩጂራይ ነው እንዴ ብሎ ጻፈላት። «አዎ፣ ታውቁታላችሁ?» ብላ በልብ አጅባ መለሰች። ሰው እየበዛ መጣ፣ ሁሉም ያውቀዋል። ኮቶኖ ደስ አላት። ታዋቂ ነው ለካ።

ታዋቂስ ታዋቂ ነው። ኩጂራይ ሾዞ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የወደቡን ያኩዛ፣ ማለትም ወንበዴውን ሁሉ፣ ይመራ የነበረ ሰው ነው፤ ያኩዛ ደግሞ ሲያጠፋና ሲዋረድ የገዛ ጣቱን ይቆርጣል። የጂምናዚየሙ ኃላፊ ኢቶዛኪ በሸበጡ እየተንሸራተተ ሲሮጥ መጣ፣ ሰሌዳውን አነበበ፣ ፊቱ ነጣ። የከተማው ደንብ ግልጽ ነው፦ ከያኩዛ ጋር ንክኪ ላለው ዝግጅት አዳራሽ አይሰጥም፣ ተሰጥቶም ከሆነ ይነጠቃል። ፖሊስ ጠራ። በሩ ላይ ሕዝቡ ተሰልፎ ነበር። ኢቶዛኪ በሩን ቆለፈ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። የታማካዜ አለቃ ስለ አበባው የምታውቀው ነገር እንደሌለ እየማለች ነው። ፖሊሱ በዕድሜ የገፋ፣ የደከመው ዓይነት ሰው ነው፤ ሰሌዳውን ይዞ ቁጭ ብሏል። የኮቶኖ አባት አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ምን እንደተፈጠረ ግን ገና አልገባውም። ኮቶኖ በሩ ጋ ቆማለች። ሂሙሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በፋሻ ትጠቀልላለች፤ የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

ኢቶዛኪ ሰውዬውን ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አላውቀውም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል።

«አውቀዋለሁ» አለች ሂሙሮ። ስትጀምር አዳራሽ የሚሞላላቸው እሱ እንደነበር፣ ያኔ ያለ እሱ ዓይነት ሰው በዚህ ወደብ ሪንግ እንደማይተከል፣ ደንቡ ሲወጣ እሱም እንደቀረ፣ ከዚያ ወዲህም ዓይኑን አይታው እንደማታውቅ ተናገረች። ኢቶዛኪ ሰሌዳውን በጣቱ እየጠቆመ ታዲያ ይሄ ምንድነው፣ «ከጎንሽ ካልተለዩት» ይላል እኮ፣ እኔ አዝናለሁ ግን ደንብ ደንብ ነው አለ።

ኮቶኖ በሩን ለቃ ወደ መሃል መጣች። ደወሉ ታያት፣ ሳይመታ ሲታሸግ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «እሳቸው ስም አይጻፍበት ብለውኝ ነበር። ስማቸውን ከውሻዋ ላይ ነው ያገኘሁት።»

ማንም አላመናትም። ኢቶዛኪማ ልጅን መሸፈኛ ማድረግ ያሳፍራል ብሎ አለቃዋን ገላመጣት። ፖሊሱ ግን ሰሌዳውን ራቅ አድርጎ አየው፣ ቀረብ አድርጎ አየው፣ መነጽሩንም አወለቀ።

«ብዙ የእነሱ ሰሌዳ በእጄ አልፏል» አለ። «ራሱን ጋሼ ብሎ የጻፈ አላየሁም። ከውሻው ጋር የፈረመም አላየሁም።» ከዚያ ልቡን በጣቱ ነካ አደረገ። «ይሄን እሱ ቢያይ በሐፍረት የቀረችው ትንሿ ጣቱም ትቆረጥ ነበር።»

ኢቶዛኪ አልሳቀም። ውሻዋስ የማን ናት ብሎ ጠየቀ።

አባቷ ነገሩ ያኔ ነው የገባው። ለምን እንደዚህ አደረግሽ ሲላት ሌላ የምትለው ስለጠፋት እውነቱን ተናገረች፤ የሚያፈቅራት መስሎኝ ነው። የኮቶኖ ጆሮ ጋለ። ይሄን በጭንቅላቷ ስታስበው እንዴት ያምር ነበር።

ሂሙሮ መጠቅለሏን አቁማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ኮቶኖ ይሄን ቅጽበት ስንት ጊዜ አልማዋለች፤ በሕልሟ ግን ሂሙሮ ፈገግ ትል ነበር።

«ስሚኝ የኔ እህት» አለቻት። «ካንቺ ትንሽ ከፍ ያልን ልጆች ሳለን፣ ከግጥሚያ በኋላ እግራችን እየተንቀጠቀጠ ተራ በተራ አጠገቡ ቁጭ እያልን መጠጥ እንቀዳለት ነበር። ያልቀዳች በሚቀጥለው ሳምንት ግጥሚያ የላትም። ፈልጋችሁ ነው ወይ ያለን ሰው የለም። እሱ ፍቅር ነው የመሰለሽ?»

ኮቶኖ ሰሌዳው ላይ የሣለችውን ልብ በእጅጌዋ ፈገፈገችው። አልለቀቀም።

ፖሊሱና ኢቶዛኪ ኮሪደር ላይ ወጥተው ረጅም ተነጋገሩ። ሲመለሱ ኢቶዛኪ ቡድኑ እንዳልጠየቀ፣ እንዳልተቀበለም ተረድቻለሁ አለ፤ አዳራሹ አይነጠቅም። አበባው ይውጣ፣ ፎቶው ይጥፋ፣ ያመጣችውም ልጅ አዳራሹ ውስጥ እንዳትታይ። አባቷ ስልኳን ተቀብሏት ፎቶውን ራሱ አጠፋው፣ ስልኩንም ኪሱ ከተተው። ኮቶኖ ሂሙሮ አማላጅ ትሆናለች ብላ ዞር ብትል፣ ሂሙሮ ጉልበቷን እየጠቀለለች ነው።

በሩ ተከፈተ፣ ሕዝቡ ገባ፣ ኮቶኖ ወጣች። ከራሷ የሚረዝም አበባ ተሸክማ፣ በወረቀት ጥቅል የተነፋ ቦርሳ አንግታ፣ ሰልፉን በተቃራኒው እየሰነጠቀች። አንዱ የዓሣ ገበያ ሰውዬ ሰርግ የት ነው ብሏታል።

በዋናው መንገድ የሚያውቃት እንዳያያት በጂምናዚየሙ ጀርባ ዞረች፣ ባሕሩ ጋ። ለሙቀቱ ተብሎ ከወለሉ አጠገብ ያሉት ትንንሽ መስኮቶች ተከፍተዋል። ከመስኮቶቹ አጠገብ አንድ ሰው የዓሣ አጥማጅ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዟል፣ መንጠቆ የለውም። ዳንጎ አበባውን አይታ ጅራቷን ቆላች።

ኮቶኖ መሮጥ ነበረባት። አበባ ይዞ አይሮጥም።

«ስም አይጻፍበት አላልኩሽም?» አላት ኩጂራይ፣ ሳይዞር።

«ብለውኛል።»

«ታዲያ?»

«ያፈሩ መስሎኝ ነው።»

ሽማግሌው ባሕሩን አየ። «አፍሬ ነው እኮ» አለ።

ከውስጥ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ዷ አለ። አንዷ ወደቀች። ኩጂራይ ራሱን ነቀነቀ፣ እሷ አይደለችም አለ። ሌላ ዷ። ይሄኛው እሷ ናት አለ፣ ኮቶኖም እኩል እሷ ናት አለች። ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ሕዝቡ ስሟን ጮኸ። ኮቶኖ ይሄን ድምፅ ከእሷ በቀር የሚለየው ሰው እንደሌለ ነበር የምታስበው። አሁን ሌላ አንድ ሰው ተገኘ፣ እሱም ይሄ ሆነ።

«ሂሙሮ ፈልገን አልነበረም የምንቀዳለት ብላለች» አለችው። ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም።

ኩጂራይ ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ያኔ አልጠየቅኩም።»

«አሁን ለምን አይጠይቋትም?»

«አሁን ማን ያስጠጋኛል። ባያስጠጉኝም ልክ ናቸው።»

አበባውን ለምን ላኩ ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ግን ውስጥ ጸጥ አለ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንዴ። ከዚያ ደወሉ መታ። ኩጂራይ ከበርጩማው ተነስቶ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ተራ ሲሚንቶ ግድግዳ፣ ጎንበስ አለ። ደወሉ እስኪያልቅ ቀና አላለም። ኮቶኖ ለእሱ ማዘን ፈለገች፣ አልሆነላትም። ለሂሙሮ መደሰት ፈለገች፣ እሱ ሆነላት፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ።

ውስጥ ሰውዬው በማይክ «ሂሙሮ ቶኪኤ» ብሎ ሲጠራ ግን ጭንቅላቷ እንደለመደው ሥራ አቆመ። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ጥቅል መንጭቃ ወደ መስኮቱ በሙሉ ኃይሏ ወረወረች። መስኮቱ ዝቅተኛ ነው፣ ሽማግሌው መሃል ቆሟል፣ ካርቶኑ አልወጣም። ቋ።

በሺዮታኒ ወደብ ኩጂራይ ሾዞን ማጅራቱን የመታ ሰው ቢኖር ኖሮ አይወራለትም ነበር፣ ምክንያቱም አይገኝም። ኮቶኖ ከአበባው ኋላ ተደበቀች። ዳንጎ ጮኸች። ሽማግሌው ማጅራቱን እያሸ ጥቅሉን ከመሬት አነሳ፣ ባጠረችው ጣቱ ገፋ አድርጎ ካርቶኑን አወጣና ቀሪውን ዘረጋላት።

«መሃሉ ይወጣል» አላት።

«አውቃለሁ» አለች ኮቶኖ።

ተንበርክካ በመስኮቱ ለቀቀችው። አረንጓዴው ወረቀት እየተተረተረ በወንበሮቹ ሥር፣ በሰው እግር መሃል ሄደ ሄደና አንድ ሸበጥ ጋ ቆመ። የኢቶዛኪ ሸበጥ። ሸበጡ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ጥቅሉን ወደ ሪንጉ በኩል ገፋ አደረገው። ብዙም አልገፋው፣ ሪንጉ ጋ አልደረሰም።