ሳይለቀለቅ የቀረ ጓዳ

ሂዊ በኦፕራሲዮን ወለደች። የወንድሜ የደመላሽ ሚስት ናት፤ ደመላሽ ግን ልጁ ገና በሆዷ ሳለ ሞተብን። ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ስትወጣ ነርሷ እኔን ለብቻ ጠርታ፣ ቁስሉ እስኪሽር የምትተኛበት ክፍል ንጹሕ መሆን አለበት ብላ አስረዳችኝ። ዶሮና ከብት፣ እበትም አይግባ፤ አቧራ አይነሣ፤ ቁስሉን የሚነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ሂዊ ከእናቷ ጋር ከሰዓት ልትመጣ፣ እኔ ሳሙናና አዲስ ላስቲክ ገዝቼ ቀድሜ ወደ ይጁቤ፣ ወደ እናቴ ቤት ተሳፈርኩ።

እናቴን ዘመናይን ግን ማን ሊቀድማት! ስደርስ ጥጃውን አስወጥታ፣ ዶሮዎቹን አባርራ፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ጓዳውን ልትለቀልቅ ትኩስ እበት በባልዲ ታሻለች። በእኛ አገር አራስም በሽተኛም ወዳልተለቀለቀ ቤት አይገባም፤ ነውር ነው። አቧራውን የሚያስረው፣ ቁንጫውን የሚያባርረው እበት ነው። በልቅለቃ ደግሞ እናቴን የሚስተካከል በቀበሌው የለም።

"እማ፣ ተይው" አልኳት።

"ምኑን?"

"እበቱን። ነርሷ ከልክላለች።"

"ነርሷ ቤቴን መቼ አየችውና?" አለች ቀና ሳትል። "የልጄን ሚስት አቧራ ላይ ላስተኛት? ሰውስ ምን ይለኛል? አንቺ ደግሞ ከተማ ውለሽ በመጣሽ ቁጥር ቤታችንን ትጠየፊዋለሽ።"

ሥራነሽ ምላሷ ስለታም ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ግን ምላሴ ተሳሰረ። እናቴ የማታውቀውን አውቃለሁና።

ደመላሽ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያ እግሩን ቆረጠው። "ይቺማ ትሽራለች" ብሎ ሐኪም ቤት አልሄደም፤ የወንድሜ ነገር እንዲህ ነበር። እናቴ ይህንኑ ጓዳ አሳምራ ለቅልቃ፣ መሬቱ ላይ አንጥፋ አስተኛችው። መንጋጋው ተቆልፎ፣ ጀርባው እንደ ቀስት ተለምጦ ሆስፒታል ስናደርሰው፣ ሐኪሙ የት እንደተኛ ጠየቀኝ። ነገርኩት። "መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ ከአፈርና ከእበት በቁስል በኩል ይገባል" አለኝ። ወንድሜ አልተረፈም። ለእናቴ "ቀኑ ደርሶ ነው" አልኳት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ የቀረውን ዋጥኩት። እሷም ልጇን ቀብራ እስከ ዛሬ ቆማ የሄደችው በዚያች ቃል ነው።

አሁን ዝም ብል ሂዊ ትሞትብኛለች፤ ሕፃኑም እትብቱ ገና አልደረቀም። ብናገር ደግሞ እናቴን በቁሟ እገድላታለሁ። እንዲህ ያለውን ምርጫ ለጠላቴም አልመኝም። ባልዲውን ከእጇ ነጠቅኩና ደጅ ወስጄ ደፋሁት።

"አበድሽ እንዴ አንቺ ልጅ?"

"ሐኪሙ ስለ ደመላሽ የነገረኝ ነገር አለ" አልኳት።

ዞራ አየችኝ። እስከ ክንዷ በእበት ተለውሳለች።

"ተናገሪዋ።"

ነገርኳት። ከመጥረቢያው የገባም ሊሆን ይችላል አልኳት፤ በእግሩ ከረገጠው አፈርም ሊሆን ይችላል አልኳት። እየሰማችኝ አልነበረም።

"በእጄ እኮ ነው የለቀለቅሁለት" አለች። "ጥግ ጥጉን ሳይቀር። ይመቸው ብዬ።"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ አቅፌ አብሬያት አለቅስ ነበር። ወጥታ ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና በሰጠኋት ሳሙና እጇን መታጠብ ጀመረች። እኔ ወለሉን ውሃ እያርከፈከፍኩ ጠረግሁ፣ ላስቲኩን አነጠፍኩ፣ አልጋውን አስገባሁ፣ ውሃ አፈላሁ። ስወጣም ስገባም ትታጠባለች። "ይበቃል እማ፣ ነጽቷል" አልኳት። ሳሙናውን እንደገና አነሣች።

ከሰዓት ሂዊ በባጃጅ መጣች። ከእናቷ ጋር ደግፈን አስተኛናት። ሕፃኑን ከደረቷ ቀና አደረገችና እናቴን በዓይኗ ፈለገቻት። እናቴ ከጓዳው በር ውጭ፣ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ቆማለች።

"እንኩ እማማ፣ ይቀበሉኝ። ደመላሽን አይመስልም?"

"አየሁት፤ ራሱን ነው" አለች እናቴ። ደፋ ቀና ብላ የጠበቀችውን የልጅ ልጇን ከሩቅ አየችው እንጂ ደፉን አላለፈችም።

"ታዲያ ይታቀፉት እንጂ!"

"ሥራነሽ ትያዝልኝ" አለች። "የእሷ እጅ ንጹሕ ነው።"