ማሽኑ ገና እየዞረ ነበር

ሐኪሙ ልብን አቁሞ ሲጠግን የበሽተኛውን ደም በማሽን የማዞረው እኔ ነኝ። ከቤተሰብ ጋር አልተዋወቅም፤ አልፈልግምም። ዛሬ ጠዋት ግን የታማሚዋ ባል ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

"ልቧ ሲቆም የምትይዛት አንተ ነህ አሉኝ።" ቀኝ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ አልለቅ አለ። "አደራ ወንድሜ። ልጆቹ ገና ናቸው።"

"አይዞህ" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

የተበላሸው የልቧ ቫልቭ ያለ እንከን ተቀየረ። ዋናው ሐኪም፣ ሽማግሌው የምንለው፣ እንደ ልማዱ ቀለደብኝ፤ "ልቀቃት እንግዲህ፣ ያንተ ሚስት አይደለችም!"

ልቧ ሥራውን እንዲረከብ ማሽኑን ቀስ በቀስ ቀነስኩ። የልቧ ግራ ጎን ደህና መታ። ቀኙ ግን ለዓመታት የሳንባዋን ግፊት ሲታገል ደክሞ ኖሯል፤ ደሙን መግፋት አቅቶት ዓይናችን እያየ ተነፋ።

"መልስ! መልስ!" አለ ሽማግሌው። ማሽኑን ወደ ሙሉ ኃይሉ መለስኩት። ሸክሙ ቀሎለት ልቧ ሟሸሸ።

ማደንዘዣ ሰጪዋ ልብ የሚያበረታውን መድኃኒት ጨመረች፤ የሳንባን ደም ሥር የሚያላላውን ጋዝም ከፈተች። እንደገና ሞከርን፤ ያው ተነፋ። አሳርፈን ደገምን። በዚህኛው ጭራሽ የልቧ ምት መንቀጥቀጥ ብቻ ሆነ። ቀኝ ልብን ለቀናት የሚያግዝ ፓምፕ ሌላ ቦታ አለ፤ እኛ ጋ የለም። ንድድ አለኝ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

"እስከ ነገ ላዙራት" አልኩ።

"ማሽንህ ደሟን እየፈጨው ነው ልጄ። ሽንቷን እየው።"

አየሁት። ቀይ ነው።

ሽማግሌው የማይለውጠው አንድ ደንብ አለው፤ ቤተሰብ ሳይሰማ ማሽን አይቆምም። ጓንቱን አወለቀ። "እስክመለስ እንዳታቆም" ብሎ ወጣ።

ማሽኑ ይዞራል። እግሯን ነካሁት፤ ይሞቃል። ፊቷም ወዙ አልጠፋም። ማደንዘዣ ሰጪዋ ወደ ግድግዳው ዞራ ቆመች።

ከኮሪደሩ ጩኸት መጣ። ባልየው ስሟን እየጠራ ያለቅሳል። እሷ ግን አልሞተችም፤ እዚሁ እኔ ጋ ናት። ሮጬ ወጥቼ "አለች እኮ!" ልለው ቃጣኝ። ብለውስ ምን ልሰጠው ነው?

ሽማግሌው ተመለሰ። እንድዘጋው በጭንቅላቱ ምልክት ሰጠኝ።

ባልየው የጨበጠው ቀኝ እጄን ነበር። ማሽኑን በግራዬ ዘጋሁት።