ስኳር የሌለው አጃ

የሀይ ጀላባ ሰፈሩ የሩዝና የዘይት አከፋፋይ ረፊቅ ሆዱን የሚወድ ሰው ነበር፤ ይህን ራሱም አይክድም። ስኳር በሽታ ከያዘው ዓመታት ቢያልፉም እንደ ጉንፋን ንቆት ነው የኖረው። አንድ ቀን ግን ደረጃ ሲወጣ ደረቱን እንደ ጆንያ የከበደ ነገር ተጫነውና ዶክተር ገብረመድኅን ፊት ቁጭ አለ። «ስኳሩ አሁን ወደ ልብዎ ዞሯል» አለው ዶክተሩ። «ካልቀነሱ፣ በእግርዎ ካልሄዱ፣ ጣፋጭና የሚረጋ ዘይት ካልተዉ አልዋሽዎትም፣ አንድ ቀን ልብዎ ይቆማል።» አባቱም በእሱ ዕድሜ በልብ ነበር የሄዱት። ረፊቅ ፈራ። ወላሂ ፈራ።

የፈራ ሰው ደግሞ ምን የማያደርገው አለ! ከሱብሂ ሶላት በኋላ እስከ ድልድዩ በእግሩ፤ ቁርሱ ባዶ አጃ፣ ምሳው ጎመን። ገበያ መሀል ሻይ ያለ ስኳር ሲያዝ ሻይ ሻጯ ሳትቀር ሳቀችበት። ሱሪው ወለቅ ወለቅ አለ፣ ትንፋሹ ተመለሰ፣ ደረቱም ዝም አለ።

ገበያው ነው ዝም ያላለው። እዚህ አገር የከሳ ነጋዴ ወይ ከስሯል፣ ወይ ያ በሽታ ይዞታል፤ ሌላ ምክንያት የሚሰማ ጆሮ የለም። «ረፊቅ፣ ምነው ደህና አይደለህም እንዴ?» ሲሉት «ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም!» እያለ ይስቃል። ሚስቱ ሺፋ ግን አትስቅም ነበር።

ዶክተሩ «ምላስ ይለምዳል፤ ቆይቶ ባዶው አጃ ራሱ ይጣፍጥዎታል» ብሎት ነበር። እውነትም አንድ ጠዋት አጃው ጣፈጠው። «ሺፋ! ምላሴ ዳነ!» ብሎ ጮኸ። «ማሻአላህ!» አለችው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ያገኘውን ሁሉ ስለ ምላሱ ሳይሰብክ አይለቅም። ፊቱም ሞላ። «አሁን ገና ሰው መሰልክ» ሲሉት ጤናው የተመለሰ መሰለው።

ለምርመራ ሲመለስ ዶክተሩ ፊቱ ተለዋወጠ። «ስኳሩም ቅባቱም ብሶብዎታል። ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ወላሂ፣ አጃና ጎመን!»

«ጋሽ ረፊቅ፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለኝ። እኔን ቢያታልሉኝ የሚጎዳው የእርስዎ ልብ ነው።»

ዕድሜውን ሙሉ ሲነግድ ስንት ጊዜ በሐሰት ምሎ ታምኗል፤ እውነቱን በተናገረበት ቀን ውሸታም ተባለ!

በማግስቱ ሺፋ ጉምቦ ሰፈር ለቅሶ ልትደርስ በጠዋት ወጣች። ረፊቅ አጃውን ራሱ ሠራ። ቀመሰው። እንጨት እንጨት አለው። ደግሞ ቀመሰ፣ ያው ነው። ማንኪያውን አስቀምጦ ድስቱ ላይ አፈጠጠ። ምላሱ ድኖ አያውቅም ነበር። ጓዳ ገብቶ ሲበረብር ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ አንድ ፌስታል ስኳርና የተጋመሰ የሚረጋ ዘይት ቆርቆሮ አገኘ፤ የገዛ ሱቁ ዘይት።

ሺፋ ስትመለስ «አንቺ ነሽ?» አላት። አልካደችም።

«ጎረቤታችን ዘሀራ ሠርግ ቤት ‹ባልሽን አስመረመርሽው ወይ?› አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አብረውኝ የሚበሉት ሴቶች ከትሪው ላይ እጃቸውን ሰበሰቡ። ምን ላድርግ? ትንሽ እንድትወፍር ነው የፈለግኩት።»

«ልቤ ይቆማል አላልኩሽም?»

«እኔ እንጃ! ፊትህ ሲሞላ የዳንክ መሰለኝ።»

«ምላሴ ዳነ ብዬ እንደ ልጅ ስፈነጥዝ ማሻአላህ አልሽኝ እኮ፣ ሺፋ!»

ያንገበገበው ይሄ ነበር። ስኳሩንና ዘይቱን ለመርሳት ይሞክር ይሆናል፤ ያቺን ማሻአላህ ግን እንዴት አድርጎ ይርሳት?

ለምሳ ሺፋ እፊቱ ቆማ ጎመኑን በውሃ ብቻ ቀቀለች። ትሪውን አቀረበችና እንደ ወትሮው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋች። ከተጋቡ ጀምሮ ጉርሻዋን መልሶባት አያውቅም።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» አላት።

ሺፋ እያለቀሰች ጎረሰችው። ረፊቅ እስክትውጠው ጠበቀ።