ሞጣ ላይ የሚርበው ሰው

ባለቤቴ ሰማው ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ዕለት ነርሷ ብሩክታይት፣ «እትዬ አየሁሽ፣ የእሳቸው ምግብ ተለክቶ ለብቻ በሰሃን ይቅረብላቸው» አለችኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም። ሠላሳ ዓመት አብረን የበላንበትን ትሪ አንስቼ፣ ለእሱ አንድ ሰሃን፣ ለእኔም አንድ ሰሃን ገዛሁ።

ሰማው አላጉረመረመም። ባጉረመረመ ይሻለኝ ነበር። ነካ ነካ ያደርግና «ጠግቤያለሁ» ይላል። እኔም ብቻዬን ማላመጥ ይሰለቸኝና አነሳዋለሁ። እንዲህ እያልን ሁለታችንም ከሳን።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ «ሞጣ ሄጄ እህቴን ልጠይቅ» ማለት አመጣ። ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ፣ እጁ ወጥ ወጥ እየሸተተ ነው። ባለፈው ሳምንት ለእህቱ ለአስናቀች ደወልኩላት።

«ኧረ ከፋሲካ ወዲህ ዓይኑንም አላየሁ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ሴት ብትሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ ሴት እግር አታስቆርጥም። ይሄ ሰውዬ ቁርጥና ጠጅ ላይ ተጥዶ ሊሞትብኝ ነው አልኩ።

ቅዳሜ እሱ በወጣ በግማሽ ሰዓት እኔም ከብቸና ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ሄድኩ። ሞጣ መናኸሪያ ስወርድ የጥብስ ሽታ ተቀበለኝ። ቁርሴን በልቼ ነው የወጣሁት፤ ሆዴ ግን ጮኸ። በራሴ አፈርኩ።

መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት አገኘሁት። ከሁለት ሾፌሮችና ከአንዲት የበቆሎ ነጋዴ ጋር አንድ ትሪ ከበው ይስቃሉ። ሲያየኝ እጁን ሰበሰበ።

«ምንድን ነው የምትበላው?»

«ጎመን ነው አየሁሽ። ማርያምን፣ ከጎመኑ በቀር አልነካሁም።»

አየሁት። እውነቱን ነው፤ በእሱ በኩል ያለው ጥብስ እንደተቀመጠ ነው።

«ጎመን ቤት ጠፍቶ ነው እስከ ሞጣ?»

አቀረቀረ። «ቤት አይርበኝም። እዚህ ግን ከመኪና ወርጄ ሰው ትሪ ከቦ ሲሻማ ሳይ ይርበኛል። እነዚህንም አላውቃቸውም። ግን እጃችን ይነካካል።»

ያጠናሁት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። ሰማው ናፈቀኝ፤ ፊቴ ተቀምጦ ናፈቀኝ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን እየናፈቀኝ እንደኖርኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ነጋዴዋ ጠጋ አለችልኝ። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ፤ መቁረስ ግን አቃተኝ፤ እንባዬ ቀደመኝ። ሰማው ጎመኑን በእንጀራ ጠቀለለና እጁን ወደ እኔ አንስቶ ቆመ። እፈቅድለት እንደሆነ አላወቀም።

«ምን ታየኛለህ?» አልኩት። «አጉርሰኝ እንጂ!»