ሳይሰጥም የማይንሳፈፍ

ጣናን ከእኔ አብልጦ የሚያውቀው ፈጣሪው ብቻ ነው። ጉማሬ እንኳ መንገድ ሲጠፋው ዞር ብሎ ወደ እኔ ያያል። ለጀልባ ጥበቤ ስም ግን አልነበረኝም፤ ባሕር ዳር ኮሌጅ የምትማረው ልጄ ናኢማ አመጣችልኝ፦ «አያዎ»።

ከዚያ ወዲያ ያላያዎኩት ነገር የለም። ዓሣ ሲወደድ አያዎ፤ ባጃጅ ዘንዘልማ መንገድ ላይ ጭቃ ሲይዘው አያዎ።

«አባዬ፣ ያ ጭቃ ነው» አለችኝ ናኢማ። «አያዎ ማለት ልብህ አይሆንም ብሎ የማለበት ነገር እውነት ሆኖ ሲገኝ ነው።»

ጎረቤታችን ሸሪፋ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ባሏን መስዑድን ከባሕሩ ማዶ ወባ ጥሎታል። መድኃኒቱ በእጇ ነው፤ የመኪናው መንገድ ተዘግቷል። ጀልባቸው ደግሞ ክረምት ከበጋ ደረቅ ላይ ከርሞ በሳንቃው መሐል ፀሐይ ያሳያል።

«የናኢማ አባት፣ ጀልባው ነገ ማዶ ያደርሰኛል?»

«እንኳን ማዶ፣ መካ ያደርስሻል» አልሁና ጀልባውን ወደ ውሃ ገፍቼ፣ ድንጋይ ጭኜ አሰጠምሁት።

ሸሪፋ እስከ ጉልበቷ ገብታ የጀልባውን ጫፍ ያዘች። «ያለን ይኸው ነበር» አለች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አያዎ ነው፣ እቴ። የደረቀ ሳንቃ ውሃ ጠጥቶ ካላበጠ አይገጥምም። ሳይሰጥም አይንሳፈፍም።»

«ይኸን ቃል ትናንት ለጭቃ ስትለው ሰምቼሃለሁ።»

ሳንቃው ጤነኛ ከሆነ ይገጥማል፤ ውስጡ ከበሰበሰ ግን ቃል አያድነውም። ይኸን አልነገርኋትም።

በማግስቱ ድንጋዩን አውጥተን ውሃውን ጨለፍነው። ሁሉም ገጥሟል፤ ከኋላ በኩል አንድ ስንጥቅ ብቻ ያልበዋል። ሸሪፋ መድኃኒቱን በነጠላዋ ቋጥራ ተቀመጠች።

«ግባ እንጂ። ቃሉ ያንተ አይደል?»

ገባሁ። እኔ ስቀዝፍ እሷ በጣሳ ትጨልፋለች። ዳርቻው ከኋላችን ራቀ።

«ውሃው እየጨመረ ነው እየቀነሰ?» አለችኝ።

«እንጃ» አልሁ።

መሐል ስንደርስ ጣቷን ስንጥቁ ላይ አሳረፈች። «ቆሟል» አለች፤ ጣሳውን ግን አላስቀመጠችም።

ማዶው ሲቀርብ ዳር ላይ ሰዎች ተሰብስበው ታዩን።

«መስዑድ ቆሟል ከመሐላቸው? ለምን ተሰበሰቡ?»

እኔ እዚህ ሆኜ ጎርጎራ ላይ ጉንዳን የምለይ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን እንዳላይ አንገቴን ደፍቼ ቀዘፍሁ።